ጠቋሚ ያጣ ሙዚቃ

ሙከራዊ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን የሚወዱ ሰዎች ለሌላ ሰው ሲጠቁሙ ብዙውን ጊዜ የሚያደርጉት አንድ ዓይነት ነገር ነው። የአቀናባሪዎችንና የአልበሞችን ስም ደርድረው በቴሌግራም ይልካሉ፤ «ስማው፣ ትወደዋለህ» ይላሉ፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ተቀባዩ ምሽት ላይ ከዝርዝሩ አንዱን ይከፍታል። ግጥም የለውም፣ የሚጨበጥ ምት የለውም፣ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይዘጋዋል፤ ሁለተኛውን አይሞክረውም። ላኪው «ጆሮ የለውም» ብሎ ይደመድማል፤ ተቀባዩም «ይህ ደግሞ ሙዚቃ ነው እንዴ?» ይላል። እንደኔ ሁለቱም ተሳስተዋል። የተበላሸው ጥቆማው ነው። ስም ብቻ የያዘ ጥቆማ ለዚህ ሙዚቃ አይሠራም። የሚሠራው አንድ ሥራ መርጦ፣ በምን ሁኔታ እንደሚሰማና ጆሮ ምኑ ላይ ማረፍ እንዳለበት የሚናገር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አድማጩ ከሚያውቀው ድምፅ የሚነሳ ጥቆማ ነው። የአማርኛ አድማጭ ከሚያውቀው ድምፅ ተነስቶ ወደዚህ ሙዚቃ የሚደርስበት መንገድ ደግሞ ከሚገመተው በላይ አጭር ነው።

«ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የጭፈራ ቤቱን ነው። እዚህ የምናገረው ስለ ሌላው ዘርፍ ነው፤ በቴፕ፣ በሲንተሳይዘር ወይም በኮምፒውተር ተሠርቶ፣ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ወይም ጋደም ብሎ እንዲሰማ ስለታሰበው። ይህ ዘርፍ ለቤት መሆኑን ራሱ አስቀድሞ ሲያስታውቅ ነው የኖረው። የእንግሊዙ አሳታሚ ዋርፕ እ.ኤ.አ. በ1992 «አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ» የተባለውን ስብስብ ሲያወጣ፣ ሽፋኑ ላይ አንድ ሮቦት ሳሎን ውስጥ በሶፋ ወንበር ተደላድሎ ተቀምጧል፤ ወለሉ ላይ የፒንክ ፍሎይድና የክራፍትወርክ ሸክላዎች ይታያሉ። ሥዕሉ ለገዢው አንድ ነገር ይነግረዋል፤ ይህ ለመጨፈር የሚነሱለት ሳይሆን ወንበር የሚፈልግ ሙዚቃ ነው። ከዚያ በፊትም ብራያን ኢኖ እ.ኤ.አ. በ1978 «ሚዩዚክ ፎር ኤርፖርትስ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ፣ በትኩረትም ሊሰማ፣ ሥራ እየሠሩ ችላ ሊባልም የሚችል ሙዚቃ መሆኑን የሚያስረዳ ጽሑፍ አብሮት ነበር። ሁለቱም ሥራዎች ሰው እጅ የገቡት አሰማማቸውን ይዘው ነው። ዛሬ በስልክ ስንልካቸው የሚቀረው ፋይሉ ብቻ ነው፤ ሽፋኑም ጽሑፉም መንገድ ላይ ይጠፋል። ጠቋሚው መተካት ያለበት ይህን የጠፋውን ነው።

ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል በዚሁ የኢኖ አልበም ማየት ይቻላል። አልበሙ አራት ክፍሎች አሉት፤ ስማቸው እንኳ ቁጥር ብቻ ነው። ሁለተኛው ክፍል ከስምንት ደቂቃ ጥቂት ይበልጣል። የተሠራውም እንዲህ ነው፤ ዘማሪዎች እያንዳንዳቸው አንድ ኖታ ብቻ ስበው ይይዛሉ፣ ኖታው በቴፕ ይቀዳል፣ የቴፑ ጫፍና ጫፍ ተቀጥሎ ቀለበት ይሆናል። የቀለበቶቹ ርዝመት እኩል ስላልሆነ አንዱ ኖታ ቶሎ ይመለሳል፣ ሌላው ይዘገያል። አንዳንዴ ሁለት ሦስቱ ይገጥሙና ስምም ይፈጥራሉ፣ አንዳንዴ አንዱ ብቻውን ይቀራል፣ አንዳንዴ ዝምታ ይሆናል። አቀናባሪው እያንዳንዱን ግጥሚያ አልጻፈውም፤ ቀለበቶቹን ለቀቃቸው። እንግዲህ ለአንድ ሰው «የኢኖን አልበም ስማ» ማለትና «ሁለተኛውን ክፍል ብቻ ክፈት፤ ከሁሉም ቀጭኑን ድምፅ ምረጥና እሱን ብቻ ተከተል፤ በተመለሰ ቁጥር ከየትኛው ድምፅ ጋር እንደተገናኘ ልብ በል» ማለት ፈጽሞ የተለያዩ ግብዣዎች ናቸው። የመጀመሪያው አድማጩን ምንም የማይሆንበት ክፍል ውስጥ ትቶት ይሄዳል። ሁለተኛው የሚጠብቀው ነገር ይሰጠዋል፤ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ አይሰለችም።

ከሚታወቅ ድምፅ መነሳት ያልኩት ደግሞ ለእኛ አድማጭ ትልቁ ጉዳይ ነው። በዐቢይ ጾም ወራት በብዙ ቤት የሚሰማውን በገና እናስብ። ዐሥሩ የበገና አውታሮች በርኩማው ላይ በሚያርፉበት ቦታ፣ በእያንዳንዱ አውታርና በርኩማ መካከል እንዝራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። አውታሩ በተመታ ቁጥር ቆዳውን እየነካ ይርገበገባል፤ ያ ነዛሪ፣ ደረት ውስጥ የሚሰማ ጉርምርምታ የሚመጣው ከዚያ ነው። ቆዳው ቢወጣ ኖታዎቹ እዚያው ናቸው፤ በገናው ግን በገና አይሆንም። ደርዳሪው ለዚያች ቁራጭ ቆዳ ቦታ የሚጨነቀው የድምፁ ሸካራነት የዜማውን ያህል ዋጋ ስላለው ነው። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሠሪዎች በሲንተሳይዘር ሰዓታት የሚፈጁበትም ጉዳይ ይኸው ነው፤ አንድን ኖታ ይዘው አካሉን፣ ጥራቱን፣ ንዝረቱን መለወጥ። ዓለሙ አጋ በገና ሲደረድሩ የሰማ ሰው፣ ተደጋግሞ የሚዞር አጭር የአውታር ሐረግ፣ ከንግግር ብዙም ያልራቀ ለስላሳ ድምፅና ሳይቸኩል የሚሄድ ጊዜ ምን እንደሆነ ያውቃል። በገና ጸሎት ነው፤ ከሲንተሳይዘር ጋር በክብር ላስተካክለው አይደለም። የምለው ስለ ጆሮው ብቻ ነው። ይህን ለመስማት የሠለጠነ ጆሮ ረጅምና ተደጋጋሚ ድምፅ አይችልም ሊባል አይገባም። ፈረንሳዊቷ ኤሊያን ራዲግ በኤአርፒ 2500 ሲንተሳይዘር የሠራቻቸው፣ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ገደማ የሚወስድ ሥራዎች፣ ድምፅ በጣም በዝግታ ሲለወጥ የሚሰማባቸው ናቸው። በእሷ ጀምሩ አልልም፤ ለጀማሪ ከባድ ናት። የበገና ወዳጅ ግን ከጭፈራ ወዳጁ ቀድሞ ይደርስባታል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው መነሻ ብዙ ሰው የማያውቀው ታሪክ ነው፣ መታወቅም ያለበት። ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ ከሬዲዮ ጣቢያ በቀጭን ሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ተውሶ፣ ሴቶች የሚያካሂዱትን የዛር ሥርዓት ቀዳ። ከዚያ ቅጂውን ወደ ጣቢያው ስቱዲዮ ወስዶ ይሠራበት ገባ። በገደል ማሚቶ ክፍል አሳለፈው፣ የድምፁን መሠረት እየቀነሰ ከላይ የሚንሳፈፈውን ንዝረት ብቻ አስቀረ። የቀረልን ቁራጭ ከሁለት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ሲሰማ የሰው ድምፅ መሆኑ ይታወቃል፤ ቃሉ ግን የለም፤ ከሩቅ ተራራ ጀርባ የሚመጣ ይመስላል። ፓሪስ ውስጥ ፒየር ሼፈር የባቡር ድምፅ ቀድቶና ቆራርጦ የመጀመሪያዎቹን የጩኸት ጥናቶች ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው፤ የመማሪያ መጻሕፍት የዚህን ሙዚቃ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀምሩትም ከዚያ ነው። የካይሮው ሥራ አራት ዓመት ይቀድመዋል። ጥሬ ዕቃው ደግሞ ዛር ነው፤ ብዙ ተመራማሪዎች ወደ ግብፅ የገባው በ19ኛው መቶ ዘመን ከኢትዮጵያና ከሱዳን በኩል ነው የሚሉት ሥርዓት። ኤል ዳብ በኋላ ኒው ዮርክ በነበረው የኮሎምቢያና የፕሪንስተን ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያም አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፣ የክራር፣ የማሲንቆ፣ የዋሽንትና የሌሎችም መሣሪያዎች ተጫዋቾችን አንድ መድረክ ላይ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ዛርን በእምነቱ የማይቀበል አንባቢ ይኖራል፤ መብቱ ነው። ነገር ግን «ይህ የፈረንጅ ጩኸት ነው» የሚለው ክስ በዚህች ሁለት ደቂቃ ፊት አይቆምም።

ሦስተኛው መነሻ ከሁሉም ቀላሉና ሞቅ ያለው ነው። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካን ከጎበኘ በኋላ እዚያው ቀርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘር፣ ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከሪትም ማሽን ጋር አድርጎ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ፤ «ሸሞንሟናዬ» ይባላል። የታወቁ ዜማዎች ናቸው፤ ዘፋኝ ግን የለም፤ ማሽኑ ሳይደክም እዚያው ምት ላይ ይመላለሳል፣ አኮርዲዮኑ ከላይ ይተነፍሳል፣ ሲንተሳይዘሩ ጠርዙን እየሟሟ ያልፋል። ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ሲኖር ካሴቱ ተረሳ። በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ አገኘውና፣ ባለቤቱን ፈልጎ ደውሎ፣ «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በሚባለው አሳታሚው እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አወጣው። ኃይሉ ከዚያ በኋላ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። ካሴቱ ለጀማሪ የሚመቸው በአንድ ቀላል ምክንያት ነው። ዜማውን የሚያውቅ ጆሮ «ቀጥሎ ምን ይመጣል?» እያለ አይጨነቅም፤ ስለዚህ ነጻ ሆኖ ድምፁ ከምን እንደተሠራ መስማት ይጀምራል። አንድ ሰው ለእናቱ ወይም ለአባቱ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሊጠቁም ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ትውልድም ሥራውን ሠርቷል። ሙዚቀኛው እንደገና ሙሉ «ኢትዮጵያን ሬኮርድስ» በሚል ስም፣ ሚካኤል ሰይፉም በራሱ ስም፣ የባህል መሣሪያ ድምፅን ቆራርጠውና አዛብተው በኮምፒውተር የሚያቀናብሩ ናቸው፤ መንገዳቸውንም «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው ሰይመውታል። የሚካኤል «ያራዳ ልጅ» እ.ኤ.አ. በ2014፣ «ዘላለም» ደግሞ በ2016 ወጡ፤ የመጀመሪያውን ያሳተመው የዋሽንግተን፣ ሁለተኛውን የኒው ዮርክ አሳታሚ ነው። ሮፍናን እ.ኤ.አ. በ2018 «ነጸብራቅ»ን ሲያወጣ ደግሞ ያገራችን አድማጭ ኤሌክትሮኒክ ድምፅን ከዘፈን ጋር ሲያገኘው እጁን ዘርግቶ እንደሚቀበል ታይቷል። ታዲያ የሚካኤልን ሥራ ከአዲስ አበባ ይልቅ የውጭ አሳታሚና የውጭ ሐያሲ ቀድሞ ለምን አወቀው? ሥራው እዚሁ ነው የተሠራው፣ ድምፁም የእኛ ነው፤ ያልነበረው በአማርኛ «ይህን እንዲህ ስሙት» የሚል ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል፤ ጠቋሚ ሰው ለምን ያስፈልጋል፣ ዩቲዩብ ራሱ ይጠቁም የለ? ተቃውሞው ማስረጃ አለው። ጃፓናዊው ሂሮሺ ዮሺሙራ እ.ኤ.አ. በ1986 «ግሪን» የተባለውን ለስላሳ የሲንተሳይዘር አልበም ሲያወጣ ከአገሩ ውጭ የሚያውቀው እምብዛም አልነበረም፤ እሱ በ2003 ካረፈ ከዓመታት በኋላ የዩቲዩብ አልጎሪዝም በዓለም ዙሪያ ላሉ ብዙ አድማጮች አቀረበው። ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን የታሪኩን መጀመሪያ መዝለልም አይገባም። ማሽኑ ያቀረበው ሰዎች አስቀድመው ፈልገው፣ መርጠው፣ የጫኑትን ነው። አሜሪካዊው ሙዚቀኛ ስፔንሰር ዶራን ገና እ.ኤ.አ. በ2010 የዚያን ዘመን የጃፓን ሙዚቃ እየመረጠና እያዋሐደ ያሰራጭ ነበር፤ በኋላም የዮሺሙራን የመጀመሪያ አልበም እንደገና እንዲታተም አደረገ፣ በ2019ም «ካንኪዮ ኦንጋኩ» የተባለውን ሰፊ ስብስብ ከማብራሪያ ጋር አዘጋጀ። ሌላም ችግር አለ። አልጎሪዝሙ የሚመርጠው ሰው ሳይዘጋው የሚቆየውን ነው፤ ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ሙዚቃ ለእንቅልፍና ለጥናት የሚመቸውን ብቻ እየደጋገመ ያመጣል። መጀመሪያ ላይ የሚከብደውን፣ ሦስተኛ ሲሰሙት ግን የሚከፈተውን ሥራ አያቀርብም። «ትንሽ ታገሥ፣ አራተኛው ደቂቃ ላይ የሆነ ነገር ይመጣል» ማለት የሚችለው ያንን ሥራ የሰማ ሰው ብቻ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ የሚያሳስበኝ ነው፤ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ሙዚቃ ሙዚቃ አይደለም፣ ጥሩ ዘፈን ራሱን ይናገራል የሚለው። እውነት ይመስላል። ነገር ግን ራሱን የሚናገር የሚመስለንን ሁሉ አንድ ጊዜ የነገረን ሰው ነበር። ሕፃን ልጅ በእናቱ ጀርባ ሆኖ እስክስታ ሲያይ፣ ሠርግ ላይ ሲያጨበጭብ፣ ትዝታ ሲሰማ ትልልቆቹ ዝም ሲሉ ሲመለከት፣ ያ ሁሉ ትምህርት ነው። ቅኔ ያለ መምህር አይገባም፤ በዚህ ምክንያት ቅኔን ግጥም አይደለም ያለ ግን የለም። ያሬዳዊ ዜማም ዓመታት ይማሩታል። አንድን ነገር ለመውደድ ማስተማር ካስፈለገ ነገሩ ባዶ ነው የሚለው ሐሳብ የራሳችንን ምርጥ ቅርስ ጭምር ይጥላል። ይልቅ ልዩነቱን እንለይ፤ መጥፎ ማብራሪያ አለ። ስለ አቀናባሪው ፍልስፍና ግማሽ ሰዓት የሚያወራ፣ ያልወደደውን ሰው «አልገባህም» ብሎ የሚያሸማቅቅ ጠቋሚ ከአልጎሪዝም ይብሳል። ጥሩ ጠቋሚ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ዝም ይላል፤ ሰውየው «አልወደድኩትም» ካለም ተቀብሎ ሌላ ይመርጥለታል። ከዚህ ሙዚቃ ብዙው ደካማ መሆኑንም አይደብቅም። ማሽን ከፍቶ ትቶ መሄድ ሥራ የመሰላቸው ጥቂት አይደሉም፤ እኔም ላያቸው የምፈልጋቸው ጠቋሚዎች ይህን ለይተው የሚጥሉ ናቸው።

የድሎት ነገር ነው የሚሉም አሉ። መብራት በሚጠፋበት፣ ዳታ በሚወደድበት አገር ማን ነው ሶፋው ላይ ተኝቶ ድምፅ የሚሰማ? ይህን የሚሉ ሰዎች መሣሪያው ውድ ነው ብለው ያስባሉ፤ አይደለም። ተራ ኢርፎን ይበቃል፤ አንድ ጊዜ የወረደ የስምንት ደቂቃ ሥራ ደግሞ ኢንተርኔት ሳያስፈልገው ዓመት ሙሉ ይሰማል። እንዲያውም ድሎት ከተባለ ጊዜና ጸጥታ ነው፤ ጸጥታ በጠፋበት ጠባብ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ከማንም ይልቅ ለራሱ ጆሮ የሚሆን ሩብ ሰዓት ያስፈልገዋል። በባዕድ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህታችን፣ ሌሊት ተረኛ የሆነ ዘበኛ፣ በዋሽንግተን ተሳፋሪ የሚጠብቅ የታክሲ ሹፌር፣ ሁሉም ስልክ አላቸው፣ ሁሉም ብቻቸውን የሚሆኑበት ሰዓት አላቸው። ኃይሉ መርጊያ ራሱ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ እያኖረ ተሳፋሪ በሌለበት ሰዓት ይለማመድ እንደነበር ተናግሯል። ይህ ሙዚቃ ለባለጸጎች ሳሎን ብቻ ነው ብሎ መወሰን በድሃው ስም ለድሃው በር መዝጋት ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬን ለሚመለከታቸው ላቅርብ። የኤፍ ኤም ጣቢያዎች የምሽት አዘጋጆች፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ሩብ ሰዓት ስጡት። አንድ ሥራ ምረጡ፤ ከማጫወታችሁ በፊት ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፣ ከየት እንደመጣና ጆሮ ምኑን እንዲከተል፤ ከዚያ ላዩ ላይ ሳትናገሩ፣ ማስታወቂያ ሳታስገቡ፣ ሳታቋርጡ እስከ መጨረሻው አጫውቱት። በ«ሸሞንሟናዬ» ጀምሩ፣ የካይሮውን የዛር ቅጂ አስከትሉ፣ ከ«ዘላለም» አንዱን ክፍል አምጡ፣ ኢኖና ዮሺሙራ ከዚያ በኋላ ይድረሱ። አንባቢም ጣቢያ መጠበቅ የለበትም፤ ለአንድ ሰው፣ አንድ ሥራ፣ ከአንድ መስሚያ ምክር ጋር ዛሬውኑ መላክ ይችላል። ዝርዝሩን ግን ይተወው።